«የጾም ነው» ማለት «ለልብ ጥሩ ነው» ማለት አይደለም

ባለፈው ሁዳዴ እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ነበር። ነርሷ ልኬቱን አየችና «እማማ፣ ጨውና ቅባት ይቀንሱ እንጂ» አለቻት። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ልጄ፣ ጾም ላይ እኮ ነኝ! የምን ቅባት አለና ነው የምቀንሰው?» ነርሷም ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤት ገብተን ከምሳ የተረፈውን የምስር ወጥ ድስት ስከፍት ግን ሳቄ ጠፋ። ከላዩ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ቅቤ ነው እንዳልል ጾም ነው። ዘይቱ ነው።

ጠቤ ከዚያ ድስት ጋር ነው። ከጾም ጋር ጠብ የለኝም፤ ጾም ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት ነው፣ የልብ መድኃኒት ነኝም ብሎ አያውቅም። እንዲያ ያልነው እኛ ነን።

ሰሞኑን እኮ አንድ ኩራት ይዞናል። ፈረንጅ ሥጋና ወተት ትቶ ራሱን «ቬጋን» ሲል እኛ ደረታችንን እንነፋለን። «እኛ ድሮ የጀመርነው ነው! ምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ልባችን ምን ይሆናል?» ኩራቱ ግማሽ እውነት አለው። ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ውስጥ ያለው ፋይበር አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ጉበትም የወጣውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። በየቀኑ ምስርና ክክ የሚበላ ሕዝብ ይህን በነጻ አግኝቷል።

ሌላው ግማሽ ግን ውሸት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ200 ሺህ በላይ የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የተከታተለ ጥናት አወጡ። የዕፅዋት ምግብን በጅምላ «ጥሩ» ብለው አላለፉትም፤ ለሁለት ከፈሉት። ባንድ ወገን ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ፤ በሌላው ነጭ ዱቄት፣ ድንች ጥብስ፣ ለስላሳና ጣፋጭ። የመጀመሪያውን አብዝተው የበሉት በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዛቸው ዕድል ጥቂት ከበሉት በ25 በመቶ ያነሰ ሆነ። ሁለተኛውን አብዝተው የበሉት ደግሞ በ32 በመቶ የበለጠ ሆነ። ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለምና የመጨረሻ ቃል አይባልም። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን «የጾም» ነው! ለስላሳም ዳቦም ቺፕስም ጾም አይገድፉም።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ። 100 ግራም ቅቤ ውስጥ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ የረጋ ቅባት አለ፤ ጉበት ከደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል እንዳያነሣ የሚያዳክመው ይኸኛው ቅባት ነው። 100 ግራም የፓልም ዘይት ውስጥስ? እዚያው ገደማ! የሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ወደ 10 ግራም ነው። እንግዲህ 55 ቀን ሙሉ ከቅቤ ሸሽተን የቅቤን ወንድም በጭልፋ ስንገለብጥ ከርመናል ማለት ነው። ምግብ ቤቶቻችንማ አይነሣ። በየዓይነቱ ስታዝዙ እንጀራው ሥር የሚጠራቀመውን ዘይት አይታችሁታል? እኛ ደግሞ ዘይቱ ካልታየን «ደረቅ ነው» ብለን እንመልሳለን። ምስር ምን አጠፋ?

ጨውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ላንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በርበሬው ውስጥ ያለው፣ ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው፣ ወጡ ሲወርድ የተነሰነሰው ሲደመር የት ይደርሳል? የእናቴን ግፊት የሰቀለው ጎመን አይደለም።

«ድሃ ምን አማራጭ አለው?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ድሃውን ዝም በል ማለት አይደለም። መንግሥት ለዓመታት በድጎማ አስገብቶ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ያከፋፈለው ዘይት ፓልም ነበር። ኑግ የሚበቅልበት አገር ማለት ነው! ባንድ እጅ «ከልብ በሽታ ተጠንቀቁ» የሚል ፖስተር መለጠፍ፣ በሌላው የሚረጋ ዘይት ማደል። ድጎማ ካለ ለማይረጋው ዘይት ይሁን፤ ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ልለይ። የልብ ሕመም ሁሉ ከሳህን አይመጣም። ብዙ ወጣቶቻችንን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው፤ እሱን ሽሮ አያመጣውም፣ ሽሮም አያድነውም። የማወራው ስለ ደም ሥር መጥበብና ስለ ደም ግፊት ነው። የግፊት ኪኒን የሚውጥ ሰውም «ጾም ገባ» ብሎ ኪኒኑን እንዳይተው፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

መፍትሔውን ከፈረንጅ መበደር አያስፈልገንም። ተልባ ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ጉልባን፤ ዘይት በጭልፋ ሳይፈስባቸው የጾም ማዕድ ሆነው የኖሩ ናቸው። የጤፍ እንጀራውም አልተፈተገም። ወርሰነው ያበላሸነውን መመለስ ብቻ ነው።

እናቴ አሁን ሽንኩርቱን በውኃ ታቁላላለች። ዘይቱን በመጨረሻ፣ በማንኪያ፣ ያውም እየለካች ታደርጋለች። የመጀመሪያ ሳምንት «ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው» ብላ አኮረፈችኝ። ትናንት ማታ ድስቱን ከፈትኩት፤ አልረጋም። የእናንተስ?