ሰባት ቤት በቃል፣ ሰባት ቤት በወረቀት

በጥቅምት ወር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ ትልቅ ወረቀት ይዞ መጣና «አባባ፣ የአባትህ አባት ማን ይባላል?» አለኝ። የቤተሰብ ዛፍ ሥሎ እንዲያመጣ መምህርቱ አዝዛው ኖሯል። ለኔ ዕድሜ ሰው ከዚህ የበለጠ ግብዣ የለም። ጋቢዬን አስተካክዬ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት። የእናቱ ወገን በአንድ ምሽት ሞላ። ወደ አባቱ ወገን ሲሻገር ግን አምስተኛው ላይ ቆመ።

አማቼ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቡ ከዚያው ከሜሪላንድ ነው። ወረቀቱ ለምን እንደቆመ ያስረዱኝ በእሑድ ምሳ ላይ ያገኘኋቸው አክስቱ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የኔ እኩያ። ልጄ እያስተረጎመች እንደነገሩኝ፣ ከባርነት ነፃ የወጡት ሰዎች ሁሉ በስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የ1870ው ነው (ወደ አገራችን እስክመለስ ድረስ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች ባሪያዎች የተመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር ነው፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም፣ በቃ። ስማቸው አልተጻፈም።

«ታዲያ ከዚያ በፊት የነበሩትን እንዴት ያገኟቸዋል?» አልኳቸው።

«ከሌላ ሰው ኑዛዜ» አሉኝ። «ባለርስቱ ሲሞት ንብረቱ ይቆጠራል። ንብረት ሲቆጠር የኛ ሰዎችም ይቆጠራሉ።»

በሳምንቱ ሁላችንም ተያይዘን አናፖሊስ ወደሚገኘው የሜሪላንድ ቤተ መዛግብት ሄድን። እኔ ኑዛዜ የማውቀው በአልጋ ላይ ያለ ሽማግሌ፣ የነፍስ አባትና የተሰበሰቡ ምስክሮች ያሉበትን ነው። የቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካውም መልኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በእግዚአብሔር ስም ይጀምራል፤ ነፍሱን ለፈጣሪ፣ ሥጋውን ለመቃብር ይሰጥና ከዚያ ወደ መሬቱና ወደ ከብቱ ይገባል። መጻፍ የማይችል ተናዛዥ በስሙ ፈንታ ምልክት ያደርጋል።

አክስትየው ግን በኑዛዜው ብቻ እንዳንቆም ነገሩን። ሰውየው ከሞተ በኋላ ወረቀቱ ገና ይቀጥላል። ምስክሮች ቀርበው ይምላሉ፤ ጸሐፊው ኑዛዜውን መዝገብ ላይ ይገለብጠዋል። ቀጥሎ ገማቾች ቤቱ ገብተው ዕቃውን አንድ በአንድ ይመዘግባሉ። በመጨረሻ አስፈጻሚው ዕዳ ስንት እንደተከፈለና ምን እንደተረፈ ሒሳብ ያቀርባል። ኑዛዜ ሳያደርግ የሞተ ሰው እንኳ የንብረት ዝርዝርና ሒሳብ ይኖረዋል። በሜሪላንድ ደግሞ ለዘር ቆጣሪ ትልቅ ስጦታ የሆነ ደንብ ነበር፤ የንብረቱ ዝርዝር ላይ ሁለት የቅርብ ዘመዶችና ገንዘብ ጠያቂዎች ይፈርማሉ። ኑዛዜው ያልጠቀሰው ወንድም ወይም ያገባች እህት እዚያ ፊርማ ላይ ብቅ ይላሉ።

ቃላቱም ወጥመድ አላቸው። የዛሬው እንግሊዝኛ «አማች» የሚልበት ቃል ያን ጊዜ የእንጀራ ልጅም ማለት ነበር። «የአጎት ልጅ» ያሉት የወንድም ልጅ ሆኖ ይገኛል። «ወላጅ የሌለው» የሚባለው እናቱ በሕይወት እያለች አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። አንድ ልጅ በኑዛዜ ውስጥ ስሙ ስለታጣ የተከዳ አይደለም፤ ድርሻውን አባቱ በሕይወት ሳለ ሰጥቶት ይሆናል። አንዲት ሽልንግ ብቻ የተናዘዙለትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አባትየው «አልረሳሁህም፤ ድርሻህን ግን ወስደሃል» ማለቱ ነው። ያገባች ሴት ያለባሏ ፈቃድ መናዘዝ ስለማትችል የሴቶች ኑዛዜ አብዛኛው የመበለቶችና የላጤዎች ነው።

አንድ ቦታ ላይ አማቼ ግራ ተጋባ። ኑዛዜው የተጻፈው በዲሴምበር 1740 ነው፤ የጸደቀው ግን በፌብሩዋሪ 1740 ይላል። ሰው ከሞተ በኋላ ይናዘዛል? እዚህ ላይ እኔ ሳቅሁ፤ በሁለት አቆጣጠር መኖር ለኛ ብርቅ አይደለም። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው አቆጣጠር ይሄዱ ነበር፤ አዲሱ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ቀን ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ከዲሴምበር በኋላ ሆኖ በዚያው ዓመት ይቆጠራል። በ1752 አቆጣጠሩን ሲቀይሩ ሴፕቴምበር 2 ረቡዕ ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ሐሙስ ነቁ። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ሲወለድ ቀኑ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነበር፤ ዛሬ የሚከበርለት ግን ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ተብሎ ነው። የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እንቁጣጣሽን በሴፕቴምበር ማክበራችን ምኑ ይገርማል?» አለ።

ከሰዓት በኋላ አክስትየው ለብዙ ዓመታት ሲከተሉት የኖሩትን መዝገብ አወጡ። ከ1870 ጀምረው ወደ ኋላ የአንድ ባለርስት ቤተሰብ ኑዛዜዎችን አንድ በአንድ ወርደዋል፤ ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት። የመጨረሻው የ1760ዎቹ ነው። ተናዛዡ ለሚስቱ የላባ ፍራሽና አንዲት ባዝራ ይተዋል። ለሴት ልጁ ደግሞ አንዲት ልጃገረድ፣ ከርሷ ከሚወለዱት ጋር፣ ለዘላለም።

«ከሚወለዱት ጋር» የሚለው እንዲያው የተጻፈ አይደለም። በጎረቤት ቨርጂኒያ ከ1662 ጀምሮ ሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ይል ነበር፤ በሜሪላንድም ነገሩ እዚያው ደርሷል። እናቲቱ ባሪያ ከሆነች ልጇ ባሪያ ነው፤ አባቱ ማንም ይሁን ማን። ያልተወለደ ልጅ በኑዛዜ ይወረስ ነበር።

የንብረቱ ዝርዝርም ነበረ። ላሞቹ ከነዋጋቸው። የመዳብ ድስት። የመፍተያ መሣሪያ። በመካከል ደግሞ ልጅቷ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ዋጋ በፓውንድ። የአባት ስም የለም። አክስትየው በጣታቸው መስመሩን ሳይነኩ ከላዩ ላይ እያሳዩ «ስሟ በቀጣዮቹ ኑዛዜዎች በልጅ ልጆች ላይ ይደጋገማል። አያቴ ናት ብዬ አልምልም። ግን ከዚህ መስመር በላይ ቀርቤ አላውቅም» አሉ።

የልጅ ልጄ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አባባ፣ በአያትህ ቤትስ ማን ነበር የሚሠራው?» አለኝ።

ልጁ ክፉ አላሰበም። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

በአያቴ ቤት ያዘለችኝ ሴት ነበረች። እኔ ነፍስ ሳውቅ አርጅታለች። ልጅ ሆና ከሩቅ አገር እንደመጣች ብቻ ነው የምናውቀው፤ እንዴት እንደመጣች አንጠይቅም፣ አይነገርምም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው፤ እርሷ የመጣችው ከዚያ በፊት ነው። ከአዋጁም በኋላ እዚያው ቀረች፤ ወዴትስ ትሂድ? ከአያቴ እስከ እኔ ሦስት ትውልድ በእጇ በልቷል። ሰባት ቤት ስቆጥር ግን አንድም ቀን ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ባለርስቱ እንኳ ለርሱ ጥቅም ብሎ ስም ጽፎ ትቷል። እኛ ቤት ወረቀትም የለም።

የዚያን ዕለት ማታ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። በመጀመሪያ «ምን አመጣው አሁን?» አለችኝ። ቆይታ ግን የምታስታውሰውን ነገረችኝ። ክርስትና ስትነሳ አዲስ ስም እንደተሰጣት፣ የድሮ ስሟን አንድ ጊዜ ለእህቴ በጆሮዋ እንደነገረቻት፣ ስትቀበር ደግሞ በአባት ስም ፈንታ የአያታችን ስም እንደተጠራ። የድሮ ስሟን እህቴ አልረሳችውም። ስልሳ ዓመት ይዛው ኖራለች፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ብቻ።

ስሙን ለልጅ ልጄ ነገርኩት። ከዛፉ ጎን አንድ ሳጥን ሠርቶ ጻፈው። በሌላው ወገን ደግሞ የአናፖሊሷን ልጅ ስም ጻፈና በእርሳስ የተቆራረጠ መስመር ሳበላት፤ እርግጠኛ ስላልሆንን። መምህርቱ ምን እንዳለችው አልጠየቅሁትም።

እኛ አያቶች ለልጆቻችን ምን እንደምናወርስ ስናስብ ቤቱንና መሬቱን እናሰላለን። እኔ ከአናፖሊስ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ደብተር ይዣለሁ። የእናቶቼንና የእህቶቻቸውን ስም፣ ማን የት እንደተቀበረ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ በቤታችን ያደጉትንና የሠሩትን ሁሉ እጽፍበታለሁ። የማላውቀውን ባዶ እተወዋለሁ። እርስዎም በዕድሜ የሚበልጥዎ እህት ወይም አክስት ካለችዎ ይህን ጋዜጣ አስቀምጠው ይደውሉላት። መጀመሪያ «ምን አመጣው አሁን?» ትልዎት ይሆናል። ስልኩን አይዝጉት።