«ሁሉም ስልክ ውስጥ አለ» ለሚሉን

«አብዷል» ማለት በእኛ አገር ክርክር ማሳጠሪያ ነው። አሮጌ የአሜሪካ የወንጀል ፊልም፣ ያውም ጥቁርና ነጭ፣ ያውም በቪዲዮ ካሴት፣ ያውም ውርጌሳ ላይ ተቀምጦ የሚሰበስብ ሰው ቢገኝ የሚሰጠው ፍርድ ይኸው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ፍርዱን ለዓመታት ፈገግ እያልኩ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ግን ይግባኝ ልል ተነስቻለሁ፤ ፈራጆቹ የሚያፈርሱት የእኔን መደርደሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። የምሰበስበው ፈረንሳዮች «ፊልም ኗር» ያሉትን፣ በአማርኛ «ጥቁር ፊልም» ብንለው የማናፍርበትን፣ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ ማብቂያ ሆሊውድ ውስጥ የተሠራ ፊልም ነው። (የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛው እጽፋለሁ።) ዝናብ የመታው አስፋልት፣ በመስኮት መከለያ ስንጥቅ ገብቶ የሰው ፊት ላይ መስመር የሚያሰምር ብርሃን፣ ጀግና መሆን የማይሆንለት ጀግና። በቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) የኢንሹራንስ ሠራተኛው ገና ፊልሙ ሲጀምር ቆስሎ በሌሊት ቢሮው ይገባና ወንጀሉን ለድምፅ መቅጃ ይናዘዛል። «ገዳዩ ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ዋይልደር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥሎት ሌላ ጥያቄ ያነሳል፦ ሰው ዓይኑ እያየ እንዴት ወደ ገደሉ ይሄዳል?

«የፈረንጅ ወንበዴ ፊልም ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ወዳጅ አለኝ፤ የተማረ ሰው ነው። ዋይልደርም፣ ሮበርት ሲዮድማክም፣ ፍሪትስ ላንግም ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ጀርመንን ጥለው የወጡ ሰዎች መሆናቸውን ብነግረው አልሰማኝም። ያ ጥላ ካሊፎርኒያ ፀሐይ ላይ የበቀለ አይደለም፤ ስደተኞች ይዘውት የሄዱት ነው። በሌሊት በር ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው የሠራውን ፊልም፣ በሰዓት እላፊ ያደገ ትውልድ አይገባውም ይባላል? እንዲያውም ከእኛ በላይ ማን ይግባው!

የዚህ ፊልም ስም አወጣጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሠሪዎቹ «ፊልም ኗር እየሠራን ነው» ብለው አያውቁም። ለእነርሱ የወንጀል ታሪክ ነበር፤ ሠሩት፣ ታየ፣ አለፈ። ፈረንሳይ ግን በጀርመን ወረራ ዘመን የአሜሪካ ፊልም ተከልክሎባት ቆይታ፣ ከጦርነቱ በኋላ የዓመታቱ ፊልም ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባላት። በ1946 የፓሪስ ሰው የጆን ሂውስተንን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»፣ የኦቶ ፕሬሚንገርን «ሎራ»ን፣ የዋይልደርን «ደብል ኢንደምኒቲ» ከላይ ከላዩ አየ። ያኔ ነው ኒኖ ፍራንክ የተባለው ሐያሲ እነዚህ ፊልሞች ወንድማማቾች መሆናቸውን ተመልክቶ «ጥቁር» ያላቸው። ልብ በሉ! አንድ በአንድ ሲመጡ ያልታየው ዝምድና ሲከመሩ ታየ። ካሴት በካሴት ላይ የሚደረድርን ሰው «ምን ያደርግልሃል?» ለሚሉ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። ስሙን የሰጠው ክምሩ ነው።

ውርጌሳን ለማያውቃት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ፣ መርሳ ሳይደረስ በመንገዱ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። የሲኒማ አዳራሽ የለንም። የነበረን ቪዲዮ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተር። የህንድ ፊልምና ካራቴ ይነግሥ ነበር። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚገባው በስህተት፣ ካሴቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ተመልካቹም «ቀለሙ ጠፋ!» እያለ ያፏጫል። ካላፏጩት አንዱ እኔ ነበርኩ። የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ ኢምፓየርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ነበረው፤ ለእኛ የሲኒማ ታሪክ የሚባል ነገር ካለ በዴክ ውስጥ ያለፈው ነው። የቤት ቪዲዮ ለሀብታም አገር የቅንጦት ዕቃ ሊሆን ይችላል። ለክፍለ አገር ሰው ግን ቤተ መዘክሩም ትምህርት ቤቱም እርሱ ነበር። ቪሲዲ መጥቶ ማከራያዎቹ ሲዘጉ ካሴቱ በጆንያ ተጣለ። እኔ ከተጣለው ለቀምኩ፤ ከዚያ መርካቶ ወረድኩ፤ ከዚያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ቸኮሌት ሳይሆን ካሴት እንዲያመጣ ለመንኩ።

«የተቀዳ ነው፤ ሌብነት ነው» የሚለው ክስ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ቢያንስ ሕግ ጠቅሶ ይመጣል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የዛሬ ደራሲና ፕሮዲዩሰር እንጀራው እንዳይነጠቅ እኔም ከአዋጁ ጋር እቆማለሁ። ግን የኤድጋር ኡልመር «ዲቱር» (1945) እና «ዲ.ኦ.ኤ.» (1950) በአገራቸው በአሜሪካ የባለቤትነት መብታቸው ሳይታደስ ቀርቶ የሕዝብ ንብረት ሆነዋል። ደግሞስ ቀድቶ ገበያ በሚያወጣና ቀድቶ በሚያኖር መካከል ልዩነት የለም?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ስልክህን ክፈት» ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ሁልጊዜ ስልካቸው የሚከፈትላቸው ሰዎች ናቸው! በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ ያ «ሁሉም» የት ነበር? ከውርጌሳ ሆኖ ሲታይ ኢንተርኔት መደርደሪያ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቁልፉን የያዘው መጋዘን ነው። መስመሩ ባይቆረጥ እንኳ እዚያ የሚገኘው ባለመብቱ ዛሬ ያዋጣኛል ያለው ነው፤ ነገ ውሉ ሲያበቃ ፊልሙ ይነሳል፤ የተነሳበትን ምክንያት የሚነግርህም የለም።

ከዚህ የሚብስም አለ። የሮበርት አልድሪች «ኪስ ሚ ዴድሊ» (1955) ለአሥርተ ዓመታት ሲታይ የኖረው መጨረሻው ተቆርጦ ነው። ጀግናውና ሴቲቱ ከሚቃጠለው ቤት ሳይወጡ ፊልሙ ያበቃ ነበር፤ ተመልካቹም ሞቱ ብሎ ያዝናል። በ1997 የጎደለው ተመልሶ ሲገባ ሁለቱ ሰዎች ተደጋግፈው ወደ ባሕሩ ሲሸሹ ታዩ። እኔ የቆረጠውንም ያልቆረጠውንም ይዤአለሁ። «ትክክለኛው ከተገኘ የተሳሳተውን ጣለው» ይሉኛል። እንዴት ልጣለው? ብዙ ሐያሲ ሲያደንቅና ሲተረጉም የኖረው እኮ ያንን የተቆረጠውን ነው! እዚሁ ጎረቤታችን ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ይል ነበር። አንቀጽ 17ን ያጋለጠው ምንድን ነው? ሁለቱ ቅጂ ጎን ለጎን መቀመጡ ነዋ። አንዱ ቅጂ ይበቃል የሚለውን ምክር ቢያንስ በዚህ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው ሊቀበለው አይገባም።

የእኛን ፊልሞች በተመለከተማ ነገሩ ያሳፍራል። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ግሪካዊ፣ ፕሮዲዩሰሩ ኢላላ ኢብሳ። በከተማ ስለወደቀች ሴት ነው። ከፓሪሱ ክምር አጠገብ ቢቀመጥ ከእነዚያ ወንድማማቾች ጋር አይዛመድ ይሆን? የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» (1966 ዓ.ም.) በደም ዕዳና በካሣ ላይ የቆመ ነው፤ ወንጀል ሠርቶ ወንጀሉን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ከዚህ በላይ ጥቁር ፊልም የሚሆነው እንዴት ነው? በስሙ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሽልማት ይሰጣል። ሽልማቱን ከተቀበሉት ፊልሙን ያዩት ስንት ይሆኑ? የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1968 ዓ.ም.) እድሳት ካገኙት ሥራዎች መካከል ያስገባው ማርቲን ስኮርሴዚ የመሠረተው የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ነው። ምስጋና ይገባዋል። ግን የእኛን ፊልም ፈረንጅ ሲያድስ የሚያጨበጭበው ባለሙያ፣ እኔ የፈረንጁን ሳኖር መሳቁ ግራ ያጋባኛል። እኛ የሲኒማ ታሪክ የሌለን ፊልም ስላልሠራን አይደለም፤ የሠራነውን አንድ ቦታ ከምረን ስላላየነው ነው።

ካሴት ደግሞ አይጠብቅም። የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ሥራውን አቁሟል። በዩኔስኮ ሥር የወጣ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በማግኔት ክር ላይ ያለን ቅርስ ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ 2025ን እንደ ገደብ አስቀምጦ ነበር። እርጥበት ክሩን ያሻግተዋል፤ ሙቀት ያጣብቀዋል፤ ያረጀ ዴክ ይበላዋል። እኛ ጋ ከዚህ ሁሉ በላይ ጦርነት ነበረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መግቢያ ላይ በዚሁ መንገድ ሲያልፍ ሰው ነፍሱን ይዞ ወጣ። ስመለስ ከ47 ካሴቶቼ 19 ነበሩ። የሰው ሕይወት በጠፋበት ስለ ካሴት ማልቀስ ነውር ነውና አላለቀስኩም። ነገር ግን በዚያ ሳጥን ከጥቁር ፊልሞቹ ጋር የከተማችን ሰዎች የሠርግና የተዝካር ቪዲዮ ነበረ፤ አደራ የተሰጠኝ። ከሞቱት የአንዳንዶቹ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። ስልክ ውስጥም የለም።

ገበሬው ለዘር የመረጠውን ማሽላ ከጭሱ በላይ ሰቅሎ ሲያከርም «አሮጌ እህል ምን ያደርግልሃል?» ያለው የለም። እኔም ካሴቶቼን እንደ መጽሐፍ አቁሜ፣ ከመሬት ከፍ አድርጌ፣ በዓመት አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጠነጠንኩ አኖራለሁ። የሚሠሩ ሁለት ዴኮች አሉኝ፤ አንዱ ለመለዋወጫ ነው። የምገለብጥበት ኮምፒዩተርም አለ። ከደሴ እስከ ወልድያ ባሉ ከተሞች በአልጋ ሥር፣ በቆጥ ላይ፣ በተዘጋ ቪዲዮ ቤት ጓዳ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ጥቁርና ነጭም ይሁን የሠርግ፣ እባካችሁ ለፕላስቲክ ሰብሳቢ አትስጡት። «ሂሩት»ን ወይም «ጉማ»ን በካሴት የያዘ ካለማ ልገዛው አልመጣም። ዴኩን ተሸክሜ እመጣለሁ፤ እዚያው ቤቱ ቀድቼ ካሴቱን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።