የደብረ ማርቆስ ብርድ ፕሮሰሰር አያድንም

«የደብረ ማርቆስ ብርድ እያለ ፕሮሰሰርን ያለ ስጋት ማፍጠን ይቻላል» የሚለውን የሰሞኑን ጽሑፍ አልቀበለውም። ጸሐፊው ብርዱን ቆጥሮ ከፍታውን ረስቷል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ብርዱ የሚሰጠውን ጥቅም የሳሳው አየር መልሶ ይቀንሰዋል፤ ማራገቢያው ቢሽከረከርም የሚሸከመው ሙቀት ጥቂት ነው። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲጨመር ደግሞ፣ ፍጥነቱ ባይነካ እንኳ፣ ሙቀቱ በ21 በመቶ ገደማ ያሻቅባል። የፕሮሰሰር ፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር የሚሞክሩ ሰዎች ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚያፈሱት ለዚህ ነው።

ሜሞሪው ይብሳል። ከልኩ በላይ ሲፋጠን ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ መረጃ ያዛባል፤ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን አስቀምጦ ይተኛል፣ በማግስቱ ፋይሉ አልከፈት ይላል። እባካችሁ፣ ካፈጠናችሁት ሌሊቱን ሙሉ ፈትሹት፤ አንድ ስህተት ከታየ ወደ ፋብሪካው ልክ መልሱት።