ጩኸቱን ቆርጦ መኪና መሸጥ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ቃል ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ፤ ሐሳቡን ግን አልመልሰውም።

በቀደም ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ደወለልኝ። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ዋሽንግተን ዲሲ ይኖራል፤ ቀን አንድ ሥራ አለው፣ ማታ ደግሞ በመኪናው ምግብ ያደርሳል። «ቲቸር፣ ፍሬን ስይዝ ከግራ የፊት ጎማ በኩል ብረት በብረት የሚፋቅ ድምፅ ይሰማኛል። ሬዲዮ ስከፍት ብዙም አይሰማም። ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። መቼ ጀመረ? አልኩት። «ሦስት ሳምንት ይሆነዋል» አለኝ። ሦስት ሳምንት! ያውም በየምሽቱ፣ ዝናብም ሲኖር፣ ሰው እራቱን እየጠበቀ «የት ደረስክ» እያለው።

«አንተ ልጅ፣ መኪናዋን ካለችበት እንዳታንቀሳቅሳት፤ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩትና ክሪኬን፣ መደገፊያዎቼንና ቁልፎቼን ጭኜ ከአሌክሳንድሪያ ፖቶማክን ተሻግሬ ሄድኩ።

መኪናዋ 2005 ኮሮላ ናት። ከአንድ ያገራችን ሰው በ3,800 ዶላር ገዝቷት አራት ወር ሆኖታል። ቀለሟ ያበራል፣ ምንጣፏ ታጥቧል፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ጫማ ያብለጨልጫል። አጎንብሼ በቸርኬው ቀዳዳ ስመለከት የውጭው ሸራ ግማሽ ያህል አለው። ልጁም ይህንኑ አይቶ ነው «ሸራ አለው» ብሎ የነዳት። ጎማውን ፈትቼ ካሊፐሩን አነሳሁት። የውስጠኛው ሸራ የለም። የቀረው ሸራው የተለጠፈበት ብረት ብቻ ነው፤ እሱም ዲስኩን እንደ ማረሻ አርሶታል።

ምክንያቱ ብዙ ምርመራ አያስፈልገውም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ አንደኛው በዝገት ነክሶ ቀርቷል። ካሊፐሩ ካልተንሸራተተ ፒስተኑ አጥብቆ የሚጫነው የውስጡን ሸራ ነው፤ የውጭው እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ያያል። በክረምት እዚህ አገር መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ከብረት ጋር ምን እንደሚያደርግ ለናንተ አልነግራችሁም። እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም። ዝገት የማንም ጥፋት አይደለም።

ያናደደኝ ቀጥሎ ያየሁት ነው። በውስጠኛው ሸራ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሳስቶ ሊያልቅ ሲል ምላሷ ዲስኩን ትነካና ሲጥ ሲጥ ትላለች። ሌላ ሥራ የላትም፤ የተፈጠረችው ለመጮህ ነው። እዚህች መኪና ላይ ምላሷ ተቆርጣለች። አልተሰበረችም፣ ተቆርጣለች፤ የፒንሳው ጥርስ አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምናልባት አጋጣሚ ነው ብዬ የቀኙን ፈታሁ። እሱም ያው።

እስቲ አስቡት። አንድ ሰው መኪና በክሪክ አንስቶ፣ ጎማ ፈትቶ፣ ካሊፐር አውልቆ፣ ሸራው ማለቁን በዓይኑ አይቶ፣ 35 ዶላር አውጥቶ አዲስ ሸራ በማስገባት ፈንታ ጩኸቱን ቆርጦ መልሶ አሰረው። ድካሙ እኮ እኩል ነው! አዲስ ሸራ ማስገባት ከዚያ በላይ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ መኪናዋን አጥቦ፣ ጎማዋን አጥቁሮ፣ ጓደኛ ለሌለው አዲስ መጤ ሸጠ። ሲሸጥም «ፍሬኗ ድምፅ እንኳ የላትም» ብሎ ነበር አሉ። እውነቱን ነው፣ የላትም።

አሁን የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ። «ቲቸር፣ አሮጌ መኪና እንዳለ ነው የሚሸጠው፤ ገዢ ራሱ ማስመርመር ነበረበት።» ትክክል ነው፣ ነበረበት። ግን እንዳለ መሸጥና ደብቆ መሸጥ አንድ አይደለም። ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ሳትነግረው ብትሸጥለት ገንዘቡን በላህበት እላለሁ። ፍሬን ሌላ ነገር ነው። ልጁ የሚያቆመው ራሱን ብቻ አይደለም፤ መንገድ የምታቋርጠውን እናት፣ ከፊቱ የቆመውን ብስክሌት፣ ምናልባትም የሻጩን የራሱን ልጅ ነው።

ዲሲ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራን እ.ኤ.አ. በ2009 ትታዋለች። ሜሪላንድ የሚጠይቀው በአብዛኛው ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀየር ነው። እኛ ቨርጂኒያ ያለነው ግን በየዓመቱ እናስመረምራለን፤ እንደ አገራችን ቦሎ መስታወት ላይ ይለጠፍልናል። ወገኖቼ በየዓመቱ «የቨርጂኒያ ቦሎ ሰለቸኝ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ እንዲያውም ቡና ልጋብዘው። በዓመት አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ጎማ አውልቆ ሸራውን የሚለካበት አገር ይሻለኛል። ዲሲ ላይ ያ ሰው የለም፤ ያ ሰው አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ነው ዲሲ ለሚኖር የሸጠው ብዬ ብጠረጥር ትፈርዱብኛላችሁ?

ሁለተኛው አስተያየት፦ «መኪናዋ 20 ዓመት አልፏታል፤ በሞተች መኪና ላይ ገንዘብ አይፈስም።» ይህን ከተማሩ ሰዎች ጭምር ነው የምሰማው። ሬዲዮው ቢበላሽ፣ ማቀዝቀዣው ቢሞት፣ በሩ ባይከፈት እስማማለሁ፤ አታፍሱ። ፍሬን ግን የመኪናውን ዋጋ አይጠይቅም። በሰዓት 60 ማይል ስትሄድ በአንዲት ሰከንድ 27 ሜትር ያህል ትጓዛለህ፤ የ1,000 ዶላር መኪናም የ60,000 ዶላር መኪናም ያው 27 ሜትር ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ስታደርግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ቀይሮ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር የምትተኙ ነበራችሁ፤ ስም አልጠራም። «ኤቢኤስ አለው» የምትሉኝም አላችሁ። ኤቢኤስ ጎማ ተነክሶ እንዳይንሸራተት ይከላከላል እንጂ የሌለ ሸራ አያበቅልም።

ሰው ከመውቀሴ በፊት ግን የራሴን ልናገር። አስተማሪ ነኝ ብዬ ደረቴን የምነፋው እኔ፣ የራሴን የ2004 ኮሮላ የፍሬን ዘይት ሰባት ዓመት አልቀየርኩትም ነበር። ሸራ እቀይራለሁ፣ ዲስክ እለካለሁ፣ ዘይቱን ግን «ሙሉ ነው» እያልኩ አልፈዋለሁ። አንድ ጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ እናያለን ብለን ባለቤቴንና ሦስት እንግዶች ጭኜ ስካይላይን ድራይቭ ወጣን። ስንመለስ ከቶርንተን ጋፕ ወደ ስፔሪቪል የሚወርደውን ጠመዝማዛ ይዤ፣ እየተጨዋወትኩ፣ እግሬን ከፍሬን ሳላነሳ ወረድኩ። ከመታጠፊያዎቹ አንዱ ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ። ሁለተኛ ስረግጥ ወደ ወለሉ ሄደ። በላቤ ተጠመቅሁ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ማርሹን ወደ 2 ከዚያም ወደ ዝቅተኛው አወረድኩ፣ ሞተሩ እየጮኸ ያዛት፤ ዳር የወጣሁት በእግዜር ቸርነት ነው። ግማሽ ሰዓት ቆመን ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ እንደ ደህና ሰው ተመለሰ። እንግዶቹ ሽታው ምንድን ነው አሉኝ። «ቅጠል ይሆናል» አልኳቸው። ዋሽቻለሁ።

የሆነው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው ደረጃው የሚጠይቀው፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከገባበት በኋላ ግን ደረጃው የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ሸራና ዲስክ ከዚያ በላይ ይግላሉ። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ይታመቃል። በሁለት ሲሪንጅና በአንድ ቀጭን ቱቦ ያሳየኋችሁን አስታውሱ፤ ውኃ ስንሞላው አንዱን ስንገፋ ሌላው ወዲያው ይወጣል፣ አየር ሲገባበት ግን ገፍተን ገፍተን ያኛው ንቅንቅ አይልም። ያ ሲሪንጅ ከነቤተሰቤ ተሳፍሬበት ነበር። የአንድ ጠርሙስ ዘይት ዋጋ 10 ዶላር ነው፤ በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ይቀየራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርዱት የከባድ መኪና ሾፌሮች ማርሽ አውርደው በሞተር ጉልበት ይዘው የሚወርዱት መጽሐፍ አንብበው አይደለም። እኔ ግን መጽሐፉን ሳስተምር ኖሬ ቁልቁለቱን በእግሬ ብቻ ወረድኩት።

ሦስተኛው ወገን ጋራዦቹ ናቸው፤ እነሱም አይቀርላቸውም። ልጁ ለእኔ ከመደወሉ በፊት አንድ ጋራዥ ወስዷት ነበር። አራቱም ጎማ፣ አራቱም ካሊፐር፣ 1,450 ዶላር አሉት። የዚያች መኪና የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው! አራት ካሊፐር ከየት ይመጣል? ልጁ ፈራ፣ ገንዘቡም የለውም፣ ዝም ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። አያችሁ? በማስፈራራት የሚሸጥ ጋራዥና ጩኸት የሚቆርጥ ሻጭ ተባብረው አንድን ልጅ ፍሬን በሌለው መኪና ላይ አስቀመጡት። ታማኝ መካኒክ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ አውቃለሁ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ «ና እይ» ይልሃል። አሮጌውን ሸራ እጅህ ላይ ያስቀምጥልሃል፣ ዲስኩን ለክቶ ዳሩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር ያስተያይልሃል። «ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም» ካለህ ስልክህን ስጠውና ፎቶ አንሳልኝ በለው። ያንንም እምቢ ካለ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

እኛ ያን ቅዳሜ ሁለት ዲስክ፣ የፊት ሸራ፣ አዲስ ፒኖችና ዘይት ገዝተን 160 ዶላር ገደማ ወጣን። የኋላውን ታምቡር ከፍተን አየነው፣ ደህና ነው፣ ዘጋነው። የፒስተን መግፊያውን መሣሪያ ከመለዋወጫ መደብር በመያዣ ተውሰን ስንመልስ ገንዘቡ ተመለሰልን፤ ብዙዎቹ ትልልቅ መደብሮች ያውሳሉ፣ ስለማንጠይቅ ነው። የሚከራይበት ግቢ መኪና መጠገን ስለማይፈቅድ ደግሞ እየተገፋች ወደ አንድ ወዳጄ ጓሮ ነው የገባችው። ሥራውን የሠራው ልጁ ነው፤ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ድሮው እጮህበታለሁ። ካሊፐሩን በፍሬን ቱቦው አንጠልጥሎት ሲሄድ ያዝኩት፤ ቱቦው ውስጡ ይቀደድና ማንም አያይም፣ በሽቦ እሰረው አልኩት። ቅባቱን ለፒኑ እንጂ ለሸራው ፊት አታስነካ አልኩት። ቡሎኑን በመለኪያ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር ላይ አሰረው እንጂ በመሰለው ጉልበት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ አንብቡልኝ፣ በተለይ ከዩቲዩብ አይታችሁ የምትሠሩ። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ኋላ ትገፋላችሁ። ጎማ አስራችሁ መኪና ውስጥ ስትገቡ የመጀመሪያው የፔዳል ርግጫ ባዶ ነው፤ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ሞተር ሳታስነሱ፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ፔዳሉ እስኪደነድን ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህን ረስቶ ከጓሮው በቀጥታ ወደ አጥር የገባ ሰው አውቃለሁ። አጥር ስለነበረ ነው እየሳቅን የምናወራው። ይህን ሳነብ ሆዴ ባር ባር አለኝ የምትሉ ደግሞ አትንኩት፤ ፍሬን ለመለማመጃ አይሆንም፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሥሩ።

ማታ ልጁን ይዤ ለሻጩ ደወልኩለት። ሰውየውን በመልክ አውቀዋለሁ፤ ጨዋ፣ ለቅሶ ላይ የማይቀር፣ ለእድር ቀድሞ የሚከፍል። የተቆረጠችውን ምላስ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ጩኸቱ ደንበኛ ያባርርብኛል ብዬ ነው። እኔም ስገዛት እንዲሁ ነው የሸጡልኝ፤ ማንም አልነገረኝም» አለኝ። ገንዘቡን ግማሹን እመልሳለሁ ብሏል፤ እስካሁን 80 ዶላር አልመጣም፣ ሲመጣ እጽፋለሁ።

ሌሎቻችሁ፣ ሲጥ ሲጥ የምትል ያላችሁም፣ ሲጥ ማለት ያቆመችባችሁም፣ ክሪኬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በሬ ላይ ነው። ቡና ባለቤቴ ታፈላለች፣ ሸራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሻጩም ቢመጣ አልመልሰውም፤ ጎማውን የሚፈታው ግን ራሱ ነው፣ ፒንሳዬን ደግሞ ቤት ቆልፌበታለሁ።