ኮምፒዩተሩ ሳይነካ ፊልትሮው ይታይ

ርዕሰ አንቀጽ



ባለፈው ስብሰባችን ላይ ከውኃውና ከሌሊት ጥበቃው ጉዳይ ቀጥሎ ብዙ ያነጋገረን የመኪና ነገር እንደነበር የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። መኪና የሌለው ሰው «ይህ እኔን ምን ይመለከተኛል» ይል ይሆናል። ይመለከተዋል እንጂ! በአንዲት ሚኒባስ ገቢ ልጅ የሚያስተምርና የእድር የሚከፍል ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። የቀረነውም ብንሆን ተሳፍረን የምንሄደው በዚያችው ሚኒባስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በሚኒባስ የሚተዳደሩ አንዲት እናት መኪናቸው ደባርቅ መስመር ላይ ስትሠራ ዳገት እምቢ አለች። ሾፌሩ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ላፕቶፕ የያዘው ወጣት ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካና «እትዬ፣ ኮምፒዩተሯ አፍኗታል፤ ካልተከፈተ ዳገት አትወጣም» አላቸው። «እኔ ምኑን አውቄ ልጄ፤ አንተ ካልህ ይሁን» አሉት። ተከፈተ ተባለ፣ ገንዘቡም ተከፈለ። ለጥቂት ቀናት እውነትም የተሻላት መስላ ነበር፤ ጢሷ ግን ከኋላ የሚመጣውን የሚያሳውር ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ከዳባት ወዲያ ቆማ ተጎትታ ተመለሰች። ሌላ መካኒክ ቢያያት ፊልትሮዋ በአቧራ ተደፍኗል፤ ከቱርቦው የሚወጣው የአየር ቱቦም ተሰንጥቋል። የተነካውን ኮምፒዩተር ወደነበረበት እንመልሰው ቢባል የመጀመሪያው ፕሮግራም አልተቀመጠም። ደረሰኝም የለም።

እስቲ ስለ አገራችን አየር ትንሽ እንነጋገር፤ የጥያቄው ሥር እዚያ ነውና። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ሲደረስ ከአራት አንድ እጅ በላይ ይጎድላል። መተማ ቆላ ላይ የፈረጠጠች መኪና ሊማሊሞ ላይ ብታቃስት ታዲያ ምን ይደንቃል? ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው። ናፍጣ ሞተር ላይ አየሩ ሳይጨመር ነዳጅ ብቻ ቢጨመር ትርፉ ጥቁር ጢስና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም ቴስታታውንና ፒስተኑን ይጎዳል። ቱርቦ ያላት መኪና የአየሩን ጉድለት በከፊል ታካክሳለች፤ የምታካክሰው ግን ቱርቦው አብዝቶ እየተሽከረከረ ስለሆነ፣ ከፍታ ላይ ተጨማሪ ጫና የሚጭንባት ሰው ዕድሜዋን እያሳጠረ መሆኑን ይወቀው። ኮምፒዩተሩማ የአየሩን ግፊት በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል። «አፈናት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሥራውን ስለሠራ ነው።

በድሮዎቹ መኪኖች ጊዜ ነገሩ በዓይን ይታይ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወሮ ሲወጣ ፒያሳንና የሊማሊሞን መንገድ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚሉትን ቃላትም ትቶልን ሄደ። ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ካርቡራቶሩን በካቻቢቴ እያዞሩ፣ በጆሯቸው እያዳመጡ ያስተካክሉ ነበር። ቢሳሳቱ ብሎኗን መልሰው ማዞር ነው። ዛሬ ግን የሚዞር ብሎን የለም፤ የሚለወጠው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ቁጥር ስለሆነ ባለቤቱ ምን እንደተለወጠ፣ ጭራሽ የተለወጠ ነገር መኖሩንም አያይም። አንዳንዱማ የሞተሩን መብራት በስካነር አጥፍቶ ብቻ «ተስተካክሏል» ብሎ ያሰናብታል። መብራቱ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ገንዘቡ አይመለስም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ታላቁ የጀርመን ፋብሪካ ቮልስዋገን ራሱ መኪናዋ በምርመራ ላይ መሆኗን እያወቀ ጢሷን የሚቀንስ፣ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን የሚለቅ ፕሮግራም በሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ደብቆ ተገኝቷል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ነበሩበት። የተጋለጠው እንዴት ነው? አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መኪኖቹን መንገድ ላይ እየነዱ ስለለኩ ነው። እኛም ልንይዘው የሚገባው መንገድ ይኸው ነው፤ ወሬውን ትቶ መለካት።

ስለዚህ ጋራዥ ስትመርጡ መጀመሪያ ላፕቶፑን የሚያወጣውን ሳይሆን መጀመሪያ ቦኔቱን የሚከፍተውን ምረጡ። ፊልትሮው፣ የአየር ቱቦው፣ ኢንጀክተሩ፣ ነዳጁ ይታይ። በተለይ በጀሪካን የተገዛ ነዳጅ! የአሁኖቹ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጩ ውኃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ነዳጅ ኢንጀክተራቸውን ይጨርሰዋል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፕሮግራም አያድነውም። ስካነሩ ያነበበው ኮድ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣችሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ መነካት አለበት ከተባለ የመጀመሪያው ፕሮግራም በፍላሽ ተቀድቶ አንዱ ቅጂ በእጃችሁ ይግባ። ምን ተጨመረ፣ ምን ተነሣ የሚለውም ከደረሰኙ ጋር ይጻፍ። ፕሮግራሙ በሚጫንበት ሰዓት ባትሪው እንዳይደክም ቻርጀር መሰካቱን፣ መብራት ቢጠፋም መጠባበቂያ መኖሩን ጠይቁ፤ መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ኮምፒዩተሩ እዚያው ሊሞት ይችላል፤ የእኛን ከተማ መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የኃይል መለኪያ ማሽን ባይኖርስ? ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚያመጣው አቀበት አለላችሁ። ከሥራው በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ በአንድ ማርሽ፣ ከአንድ ቦታ ተነሥታችሁ ሰዓት ያዙ፤ ጢሱንም ከኋላ የሚያይ ሰው አቁሙ። መካኒኩ አብሯችሁ ካልሄደ ምክንያቱን ጠይቁት።

ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። «መኪናህ ይህ አያስፈልጋትም፤ ፊልትሮ ቀይርና ሂድ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቦታውን አትርሱ። እንዲህ ያለው ሰው የዛሬን ገንዘብ ለእናንተ ሲል የተወ ነው። በከተማችን እንዲህ ያሉ መኖራቸውን እናውቃለን፤ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለታችንም አይደለም፤ ከነሱ ውስጥ ጎበዞች አሉ። ለፍጥነት ብላችሁ ቪትዝና ኮሮላ ይዛችሁ የምትሄዱ ልጆቻችንም ብትሆኑ ይህንኑ ጠይቁ፤ ሞተሩ ላይ የጨመራችሁትን ፍሬኑ መቻሉንም እግረ መንገዳችሁን አሳዩ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችውን መኪና በቀላሉ የምንተካት አይደለችም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ በጉዳዩ ተነጋግሮ አንድ መዝገብ ከፍቷል። መዝገቡ በእድሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። አባላት መኪናቸውን የት እንዳሠሩ፣ ምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደከፈሉና ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እንደሆነች ደረሰኛቸውን ይዘው እየመጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያስመዘግባሉ። ደረሰኝ የሌለው ወሬ አይመዘገብም፤ ስም ማጥፊያ እንዲሆን አንፈልግም። ከላይ የጠቀስናቸው እናት ሚኒባስ አሁንም እንደቆመች ናት። ትክክለኛውን ፕሮግራም መልሶ የሚጭን፣ ሥራውንም በጽሑፍ የሚሰጥ ባለሙያ የምታውቁ ለኮሚቴው ጸሐፊ እንድትነግሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።