ሎሚው ማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አበው። በዚህ በናይሮቢ በአማርኛ የተጻፈ የገንዘብ ማሰባሰቢያ የጥሪ ካርድ የደረሰው ሰው ይህን አባባል ከካርዱ አናት ላይ ሳያገኘው አይቀርም። እኔም በተርጓሚነት ሙያዬ ስንት ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ እንደመለስኩት አላስታውስም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንዲት እናት በአንድ ጥያቄ አስቆመችኝ። የዚያን ዕለት ምሽት የተጠራነው ለአካል ጉዳተኛ ልጆች መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ካርዱን አገላብጣ አነበበችና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሎሚው ማን ነው? ልጄ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፈገግ ብዬ አለፍኳት። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በዚያ ምሽት የሆነውን ልናገር። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩምና። አዳራሹ ከሆቴሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰሩ በዕለቱ አይሠራም ተባለና የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ሁለት አስተናጋጆች ከነወንበሩ ተሸክመው አወጡት። ደረጃው ላይ ፎቶግራፍ ተነሣ። ስለ አካል ጉዳተኞች ለመነጋገር በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ዋናው እንግዳ በራሱ መንገድ መግባት አለመቻሉ ማንንም አላስገረመም፤ እኔንም ጭምር።

እናቲቱ ወደ መድረኩ ወጣች። እግዚአብሔርንና የመጡትን ሰዎች አመሰገነች። ከዚያም በረጋ ድምፅ እንዲህ አለች፦ ባለፈው ዓመት የተሰጠን ተሽከርካሪ ወንበር የአዋቂ ሰው ልክ ነው፤ ልጄ ይንሸራተትበታል፤ ስለዚህ እቤት ውስጥ ልብስ ይሰጣበታል። የምንኖረው ኢስሊ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ አዝዬው እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ብርድ ልብስ ሞልቶናል። ወንበሩ ሲገዛ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ልኩን እነግረው ነበር።

ተራው የእኔ ሆነ። የድርጅቱ ኃላፊ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። እንግዶቹ ሹካቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔም በተቃና እንግሊዝኛ፣ ይህች እናት ከልብ እንደምታመሰግን፣ ሸክሟ እጅግ የከበደ እንደሆነና ያለ እናንተ ድጋፍ ተስፋ እንደሌላት ተናገርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያለቀሱም ነበሩ። የቃል ኪዳን ወረቀቶቹ በፍጥነት ተሞሉ።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ስለ ወንበሩ የተናገርኩትን የት ጣሉት?» አለችኝ። ለካ እንግሊዝኛውን ለመናገር ባይሆንላትም ለመስማት አይቸግራትም ነበር።

ይህን የጻፍኩት ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። በዚያ ምሽት የሠራሁት ሥራ የእኔ የግል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ ባለፍኩ። ነገር ግን አዳራሹ በሙሉ የተሰናዳው ያንን የእኔን ትርጉም ለመስማት ነበር። ኃላፊውም፣ እንግዶቹም፣ ፎቶ አንሺውም የሚጠብቁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እኔም አቀበልኳቸው። የማመለክተው ጥፋት ይህ ነው፦ በስማቸው ገንዘብ የምንሰበስብላቸውን ሰዎች አፋቸውን ይዘን ፊታቸውን እናሳያለን።

ያንኑ ድርጅት ረቡዕ ረቡዕ ለጎበኘው ሰው ሌላ ዓለም ይታየዋል። እናቶቹ በተራ ቡና ያፈላሉ፤ በተራውም ይጣላሉ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሺሊንግ እየጣሉ ዕቁብ ይጥላሉ። መዋጥ የሚቸግረውን ልጅ እንዴት ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ሳይቸኩሉ ማጉረስ እንደሚገባ አንዷ ለአንዷ ታሳያለች። ከአንዱ ልጅ እግር ያነሰው ጫማ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የላላ የወንበር ብሎን የሚያጠብቅ፣ ራሱ በክራንች የሚሄድ ወጣት አለ፤ ሒሳቡን በቡናና በቀልድ ይቀበላል። እዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ አለ፣ ሐሜት አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ ዕርቅ አለ። ባጭሩ እንደ ማናቸውም የሰፈር ማኅበር ነው።

ይህ ሁሉ በድርጅቱ የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የለም ስል ገምቼ አይደለም፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። በጽሑፉ ውስጥ «ለጋሽ» እና «ተረጂ» ብቻ አሉ። ረቡዕ ዕለት አስተማሪ፣ ጠጋኝ፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ የነበሩት ሰዎች ቅዳሜ ማታ ሁሉም «ተረጂ» ሆነው ይመጣሉ።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «አንተ የቃላት ሰው ስለሆንክ በቃል ትጨነቃለህ፤ እንባ ካልፈሰሰ ኪስ አይከፈትም» ይሉኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለምና በሚገባ ልመልስ። በመጀመሪያ እንባ የአንድ ሌሊት ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው። ልጁ ያድጋል፤ ወንበሩም በየጊዜው መለወጥ አለበት። ዕድሮቻችን በየወሩ መዋጮ የሚሰበስቡት ማንንም ሳያስለቅሱ ነው። አባሉ የሚከፍለው ስላዘነ ሳይሆን አባል ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ፣ እንባ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከፋዩም መድረክ ላይ የወጣው ሰው ነው። ቅዳሜ ማታ ተስፋ የሌለው ፍጡር ሆኖ የታየ ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ፍለጋ ከዚያው እንግዳ ቢሮ ቢቀርብ፣ ባለ ቢሮው የሚያስታውሰው የትምህርት ማስረጃውን ነው ወይስ መድረኩን? ቤት ሊከራይ ቢጠይቅስ? በአዘኔታ የሰበሰብነውን ገንዘብ በንቀት መልሰን እናስከፍለዋለን።

ይህን ያልኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በ1990 እና በ1992 በለንደን ለአካል ጉዳተኞችና ለሌሎች በጎ አድራጎቶች ገንዘብ የሚሰበስብ ትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲካሄድ፣ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ከጣቢያው ደጃፍ ተሰልፈው ተቃውመዋል። የፈለጉት መብት እንጂ አዘኔታ አልነበረም። ዝግጅቱ ከ1992 በኋላ አልተደገመም።

በሀገራችንማ አዘኔታና መብት በሕግ የተለያዩበት ጊዜ ነበር። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ ሀገር የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ብርድ ልብስ ማደል ይቻላል፤ ስለ መብት መናገር ግን አይቻልም ማለት ነበር። ኢትዮጵያ በዚሁ አዋጅ ሥር ሳለች፣ በ2010፣ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። አዋጁ የተሻረው በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ሕጉ ተሽሯል፤ ልማዱ ግን በአዳራሾቻችን ውስጥ ዛሬም ይሠራል። እኔም በዚያ መድረክ ላይ ማንም ሳያዝዘኝ ያንኑ አዋጅ አስፈጸምኩ፦ ምስጋናውን አሳልፌ ጥያቄውን ከለከልኩ።

የምንኖርባቸውን አገሮች ተመልከቱ። የኬንያ ሕገ መንግሥት ከ2010 ጀምሮ በአንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ በክብር እንዲያዝ፣ ሲጠራም ሆነ ሲነገርለት በማያዋርድ ቃል እንዲሆን ይደነግጋል። በኡጋንዳ ፓርላማ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ተወካዮች አምስት መቀመጫዎች ተለይተዋል። እነዚህ ድንጋጌዎች በየመንገዱ ሁሉ ተፈጽመዋል አልልም፤ የናይሮቢን የእግረኛ መንገድ በተሽከርካሪ ወንበር የሞከረ ያውቀዋል። ቢሆንም ጎረቤቶቻችን በሕግ ደረጃ ወንበር ከሰጡ፣ እኛ በአንዲት የማኅበር ኮሚቴ ውስጥ አንድ ወንበር ለምን አቃተን?

ዕድርን እያነሣሁ ሳመሰግን የራሳችንን ጉድፍ የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ዕድር ለሞተ ይደርሳል፤ በሕይወት ላለው ግን ሁልጊዜ አልደረሰም። ልጃቸውን ከእንግዳ ዐይን ጓዳ ውስጥ የደበቁ ቤተሰቦችን ሁላችንም እናውቃለን፤ የደበቋቸውም የሰፈሩን አፍ ስለፈሩ ነው። ልጁ በሕይወት ሳለ ስሙን ያልጠየቅን ሰዎች፣ ሲሞት ድንኳን ይዘን እንደርሳለን። የኬንያውያን ሐራምቤም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ትምህርት ቤት የሠራው የመተባበር ልማድ የባለ ሥልጣን መታያ እስከ መሆን በመድረሱ፣ በ2003 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር ሕግ ገደብ አበጅቶለት ነበር። መዋጮ በራሱ ቅዱስ አይደለም። የሚቀድሰው አባልነትና ሒሳብ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።

አንደኛ፣ ደረጃ ብቻ ባለው አዳራሽ ገንዘብ አይሰብሰብ። አዳራሹን የሚመርጠው ሰው ከመክፈሉ በፊት የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚን ይዞ ይሂድ፤ በሩን፣ መጸዳጃ ቤቱንና አሳንሰሩን ይሞክሩት።

ሁለተኛ፣ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው የፈለገውን ይናገር፤ ተርጓሚውም እንዳለ ይተርጉም። ቅሬታ ቢሆንም ይተርጉም። ልጆች ግን ለእንግዳ እንዲታዩ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው አይምጡ።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡን በሚያዝዘው ኮሚቴ ውስጥ አካል ጉዳተኞችና እናቶች ድምፅ ይኑራቸው። ለይስሙላ አንድ ሰው ሳይሆን ውሳኔ ሊያስለውጥ የሚችል ቁጥር ይሁን። ያ ሰፊ ወንበር ከመገዛቱ በፊት አንዲት እናት ኮሚቴው ውስጥ ብትኖር ኖሮ ገንዘቡ ልብስ ማስጫ ባልሆነ ነበር።

አራተኛ፣ ሒሳቡ ለለጋሹ በእንግሊዝኛ ከመላኩ በፊት ረቡዕ ዕለት በቡናው ላይ በአማርኛ ይነበብ። የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ እንደሚያነብ ሁሉ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለሆቴሉ ስንት ተከፈለ ይባል። የእራቱ ወጪ ሲነበብ የሚያፍር ድርጅት ካለ እራቱን ይተው።

ይህን ቢያደርጉ ለጋሾች ይሸሻሉ የሚል ካለ፣ የሚሸሹት ይሽሹ። ሌላውን ጎንበስ ብሎ ካላየ የማይሰጥ ሰው፣ የሚሰጠው ለራሱ ነው። እኔ ግን አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው ብዬ አላምንም። በዚያ ምሽት እንግዶቹ ስለ ወንበሩ ቢሰሙ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር አላውቅም፤ እንዲያውቁ ዕድል አልሰጠኋቸውምና። ምናልባት አንዱ ተነሥቶ፣ «የልጁ ልክ ስንት ነው?» ይል ነበር። በእናቲቱ ላይ የፈጸምኩት በደል በእንግዶቹም ላይ የተፈጸመ ነው።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ሎሚው ማን ነው? ልጅሽ አይደለም፣ እኅቴ። ሎሚው አራት ፎቅ ደረጃ ነው። ሎሚው የምድር ቤት ኪራይ ነው፤ ልክ የሆነ ወንበር ነው፤ ልጁን የሚቀበል ትምህርት ቤት ነው። ሸክሙ ይህ ነው፤ ሃምሳ ሰው ቢከፋፈለው ጌጥ ይሆናል። ከሃምሳዎቹ ሰዎች መካከል ደግሞ አንዷ አንቺ ነሽ፤ አንዱም ልጅሽ ነው። እናንተን ሳንቆጥር ሃምሳ ሞላን ያልን ዕለት ቁጥሩን የተሳሳትነው እኛ ነን።