ድንጋዩን የወረወረው ማን ነው?



በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው ወር ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሊያነጋግሩን መጥተው ነበር። የመጡት በልጃቸው ጉዳይ ነው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። በሰፈር የዋንጫ ጨዋታ ላይ ከደጋፊው መካከል ድንጋይ ተወርውሮ የመስመር ዳኛውን ትከሻ መታው። ጸጥታ አስከባሪዎች ደረሱ፤ ደጋፊው ተበተነ፤ ሮጠው ማምለጥ ያልቻሉ ሰባት ልጆች ተያዙ። የእርሳቸው ልጅ ከሰባቱ አንዱ ነበር። ሁለት ሌሊት አድሮ ተለቀቀ። የውድድሩ አዘጋጆች ግን በዚህ አላበቁም። የዚያ ሰፈር ደጋፊ በሙሉ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሜዳው ዘንድ እንዳይደርስ ከለከሉ።

«ወንድሞቼ» አሉን እናትየው፣ «ልጄ አልወረወረም። ወላሂ አልወረወረም። ማን እንደወረወረ ግን ያውቃል። ተናገር ስለው ‹ኡሚ፣ ጓደኛዬን አሳልፌ አልሰጥም› ይለኛል። ይናገር ወይስ ዝም ይበል? እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ወዲያው አልመለስንላቸውም። ነገሩ ከአንድ ሰፈር ዋንጫ የሰፋ ሆኖ ስላገኘነው የዚህን ወር ዓምዳችንን ልንሰጠው ወደድን። ለመሆኑ በኳስ ሜዳ ለሚነሣ ሁከት በደጋፊው ላይ የሚጣለው ቅጣት በዝቷል ወይ? ብዙ ሰው «አንሷል እንጂ መች በዛ!» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም ነው ባይ ነን። ባላጠፋው ላይ በዝቷል፤ ባጠፋው ላይ አንሷል።

ጥቂት ወደኋላ እንመለስ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት ቆይታ በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩይት ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከሜዳ ወጣ። በስታዲየሙ ከነበሩት ወገኖቻችን ከፊሎቹ ተቆጥተው በእጃቸው ያገኙትን ወደ ሜዳ ወረወሩ። ጨዋታው በአንድ አቻ ውጤት አለቀ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም የገንዘብ ቅጣት ጣለ። ከፋዩ ማን ሆነ? ፌዴሬሽናችን። ወርዋሪው ወደ ቤቱ ገባ። በደስታ እያለቀሰ ባንዲራውን ሲያውለበልብ የዋለው፣ ማንንም ያልነካው ሕዝብ ደግሞ «ረባሽ ደጋፊ» የሚል ስም ተሸክሞ ቀረ።

በ2010 ዓ.ም. የደረሰው ግን በገንዘብ የሚመዘን አልነበረም። በኅዳር ወር በወልድያ ከተማ፣ ከወልድያና ከመቐለ ክለቦች ጨዋታ ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ የተደረገበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ደግሞ በአዲስ አበባ ስታዲየም መከላከያና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ የመሐል ዳኛው ተደበደበ፤ ሊጉም ለጊዜው ቆመ። ልብ በሉ! ዳኛው ላይ እጃቸውን ያነሡት ደጋፊዎች አልነበሩም፤ የቡድን አባላት ነበሩ። ነገር ግን ሊጉ ሲቆም ከአያት በባቡር ተሳፍሮ ስታዲየም የሚወርደው ወጣት፣ አዳማና ሐዋሳ ላይ ቅዳሜን የሚጠብቀው አባትና ልጅ፣ በሜዳው በር ቆሎና ውኃ ሸጣ የምታድረው እናት፣ ሁሉም አብረው ተቀጡ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጣት መነሻ የሆነ ደንብ አለ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን የዲሲፕሊን ደንብ፣ ክለብ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለደጋፊው ድርጊት ተጠያቂ ነው ይላል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ከብዙ ሺህ ሰው መካከል አንድ እጅ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ክለብ ግን አድራሻ አለው፣ የባንክ ሒሳብ አለው። ስለዚህ ክለቡ ይቀጣል፣ ወይም ጨዋታው በዝግ ስታዲየም ይሆናል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ለቀጪው የቀለለ ነገር ሁሉ ፍትሕ ነውን?

ሃይማኖታችን በዚህ ረገድ ያለው አቋም የተድበሰበሰ አይደለም። ቁርኣን በአል-አንዓም ምዕራፍ አንቀጽ 164፣ በሌሎችም ምዕራፎች ደጋግሞ፣ አንዱ ሰው በሌላው ኃጢአት እንደማይጠየቅ ያስተምረናል። የቂያማ ቀን ፍርድ የቆመበት መሠረት ይህ ከሆነ፣ የሰፈር ውድድር ኮሚቴ ከዚህ የተለየ መሠረት ከየት አመጣ?

አንዳንድ ወንድሞቻችን ደግሞ «ድሮስ ኳስ ሜዳ ምን ይሠራሉ? የእጃቸውን ነው ያገኙት» ሲሉ እንሰማለን። ለእነርሱ የምናስታውሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ነው። የእኛው አገር ሰዎች፣ ሐበሾች፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ዑመር (ረ.ዐ.) ገብተው ጠጠር አንሥተው ሊወረውሩባቸው ጎንበስ አሉ። ነቢዩ ግን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዋቸው አዘዙ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ኋላ ቆመው እስኪጠግቡ ድረስ የሐበሾቹን ጨዋታ ተመልክተዋል። እንግዲህ ጨዋታ ማየት በራሱ ወንጀል አይደለም። (ለዐስር ሶላት ያልተነሣ ወጣት ለ90 ደቂቃ ሲቆም ስናይ ግን ማዘናችን አልቀረም። እርሱን በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ።)

ይህን ስንል ድንጋይ የወረወረው ይማር ማለታችን አይደለም። የመስመር ዳኛውም የሰው ልጅ ነው፤ ትከሻውን ያገኘው ድንጋይ ዓይኑን ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር በጻፍን ነበር። በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷሮች አንዱን በመምታቱ ሁለቱም ወገኖቻቸውን ለእርዳታ በተጣሩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያንን ጥሪ የጃሂሊያ ጥሪ፣ የሚገማ ነገር ብለው ነቀፉት። ሙሃጂርና አንሷር የሚሉት ስሞች በቁርኣን የተወደሱ ናቸው። እነርሱ ለመደባደቢያ ሲውሉ ከገሙ፣ የክለብ ማሊያና የሰፈር ስምማ እንዴት አይገማ! ይሁን እንጂ ነቢዩ የነቀፉት ጥሪውን ነው፤ አንዱ ስለመታ ብለው ሙሃጂሮችን በሙሉ አልቀጡም።

ደጋፊን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ምን እንደሚያስከትል ዓለም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ 97 ሰዎች አልቀዋል። ፖሊስ ጥፋቱን በደጋፊዎች ላይ አላከከ። ሟቾቹ ከዚያ ስም ነፃ ወጥተው ደጋፊው አላጠፋም የሚለው ፍርድ የተሰጠው በ2016፣ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። በሙስሊም አገሯ ኢንዶኔዥያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በካንጁሩሃን ስታዲየም ጥቂቶች ሜዳ ስለገቡ ፖሊስ መቀመጫው ላይ በነበረው ሕዝብ መካከል አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። በመውጫው በር ተረጋግጠውና ታፍነው 135 ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሜዳ የገቡትና የሞቱት አንድ አልነበሩም።

በዚያው በእንግሊዝ ግን የምንወደው ሥርዓትም አለ። በሁከት የተገኘ ሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ማስረጃ ይሰማበታል፤ ከተረጋገጠበት እርሱ፣ በስሙ፣ ከ3 እስከ 10 ዓመት ከሜዳ ይታገዳል። ቡድኑ ውጭ አገር ሲጫወት ፓስፖርቱን ያስረክባል። ጎረቤቱ ግን ትኬቱን ቆርጦ ይገባል። ይህ ለዘብተኝነት ነውን? በፍጹም! ከዝግ ስታዲየም ይልቅ ወርዋሪውን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ዛሬ በእኛ ዘንድ ወርዋሪው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቅጣቱ ለሁሉም ስለሚካፈል ለእርሱ የሚደርሰው ኢምንት መሆኑን ነውና።

ሕጋችንም ቢሆን ለዚህ አይጠብም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። 48ቱ ሰዓት ማስረጃ ለማደራጀት እንጂ ልጅን አስፈራርቶ ለመልቀቅ የተሰጠ ጊዜ አይመስለንም። የእኚህ እናት ልጅ ሁለት ሌሊት ሲያድር ድንጋዩን ማን እንደወረወረ በቅጡ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «ሰፈርህ የት ነው?» ነበር የተባለው።

ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ጥያቄውን ለአንድ አባት ለሆኑ ሼኽ ወስደን፣ ልጁንም አስከትለን ሄድን። ሼኹ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ጓደኛህን ትወደዋለህ?» አሉት። «አዎ፣ አባባ» አለ። «እንግዲያውስ እርዳው» አሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድምን በዳይም ተበዳይም ቢሆን መርዳት እንደሚገባ፣ በዳይን መርዳት ማለትም ከበደሉ መግታት መሆኑን ማስተማራቸውን ነገሩት። ከዚያም፣ «መጀመሪያ ለእርሱው ንገረው። ራሱ ሄዶ ዳኛውን ዐውፍ ይበለኝ ይበል፤ ለኮሚቴውም እኔ ነኝ ይበል። አንተም አብረኸው ሂድ፣ ብቻውን አትላከው። እምቢ ካለህ ግን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በእርሱ ጥፋት ታግደው አንተ ዝም ብትል፣ ዝምታህ ለማን እንደቆመ አስብበት» አሉት።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «አባባ፣ ከነገርኳቸው ፖሊስ እንዳይመታው ማን ይጠብቀዋል?» ሲል ጠየቀ።

ሼኹም እኛም ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። በመጨረሻ ሼኹ ራሳቸው ከሁለቱ ልጆች ጋር ኮሚቴው ዘንድ ለመሄድ ቃል ገቡ። የተቀጠረው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ሼኹና ልጁ በመስጊዱ በር ቆመው እስከ መግሪብ ጠበቁ። ጓደኝዬው አልመጣም። ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት በምንሰጥበት ጊዜ እናትየው እንደነገሩን ልጃቸው ማታ ማታ ወደ ጓደኛው ቤት መመላለሱን አልተወም፤ የሰፈሩም ደጋፊ እንደታገደ ነው።